«ፍላጎት» እና «ተቋም» በምጣኔ ሀብት ጽሑፍ ውስጥ ምን ማለት ናቸው?

ጥያቄ፦ በአንድ የምጣኔ ሀብት ጽሑፍ ውስጥ «ተቋማት የሸማቹን ፍላጎት ይቀርጻሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብሁ። ፍላጎት ከሰው ልብ የሚመነጭ ከሆነ መሥሪያ ቤት እንዴት ሊቀርጸው ይችላል?

መልስ፦ ግርታው የመጣው «ተቋም» እና «መሥሪያ ቤት» አንድ ተደርገው ከመወሰዳቸው ይመስለኛል። «ተቋም» ከ«ቆመ» የወጣ ቃል ነውና ጸንቶ የቆመን ነገር ያመለክታል፤ ጸንቶ የሚቆመው ግን ማኅተም ያለው ድርጅት ብቻ ሳይሆን ሕግም፣ ደንብም፣ ልማድም ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ሥራው ተቋማትን በብዙኃኑ ዘንድ የሰረጹ የአስተሳሰብ ልማዶች አድርጎ ያያቸዋል። ሌላው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዳግላስ ኖርዝ ደግሞ በ1990 ተቋማትን የጨዋታው ሕጎች፣ ድርጅቶችን ተጫዋቾች ብሎ ለያቸው፤ ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚረዳው ይህ ልዩነት ነው።

«ፍላጎት»ም ከ«አቅርቦት» ጋር ተጣምሮ ሲነገር ተራ ምኞት ማለት አይደለም፤ ሸማቹ በተባለው ዋጋ ሊገዛው የፈቀደውንና አቅሙ የሚደርስበትን መጠን ያመለክታል። አቅሙን ገቢው ይወስነዋል፤ ፈቃዱን ግን በአብዛኛው የሚሠራው አብሮት የሚኖረው ማኅበረሰብ ነው።

የመኪና ቀበቶን እንውሰድ። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 መኪና ላይ ዋለ፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ነገር ግን አደጋ የሚደርሰው በሌላው ላይ ነው ብሎ የሚያስብ አሽከርካሪ ቀበቶው አጠገቡ እያለ እንኳ አያስረውም ነበር። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት በ1970 ቀበቶ ማሰርን በሕግ አስገደደች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏት። በግዴታ የተጀመረው ነገር እያደር ልማድ ሲሆን፣ ገዢው ራሱ ስለ መኪናው ደኅንነት የሚጠይቅ ሆነ፤ አምራቾችም በዚሁ ይፎካከሩ ጀመር። «ይቀርጻሉ» የተባለው እንዲህ ያለውን ሂደት ለመግለጽ ነው።

ተጨማሪ አስተያየት፦ በመልሱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ልማድ አዲስ ነገርን የሚያግድበትም ጊዜ እንዳለ ቢታከልበት መልካም ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ኦገስት ድቮራክ ለጽሕፈት ይፈጥናል ያለውን የጽሕፈት መኪና የፊደል ገበታ፣ ማለትም የቁልፎች አደራደር፣ በ1936 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል፤ ነገር ግን ጸሐፊዎች የሠለጠኑት፣ ትምህርት ቤቶችም የሚያስተምሩት በ1870ዎቹ በወጣው ገበታ ስለነበር አዲሱ ሊስፋፋ አልቻለም። «ፈጠራ» ስንልም አዲስ ነገር መሥራትንና የተሠራው ነገር በሰዎች ኑሮ ውስጥ ገብቶ ሥራ ላይ መዋሉን ለይተን ብንጽፍ እመርጣለሁ፤ የድቮራክ ገበታ የመጀመሪያውን አሟልቶ ሁለተኛውን በጥቂቱ ብቻ አግኝቷልና።