ረጅም የእግር ጉዞ ላይ አሞኛል፤ ልረፍ ወይስ ልቀጥል?

መንገደኛው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር ረጅም የእግር ጉዞ ላይ ነን። ትናንት ጠዋት ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ። ዛሬ ደግሞ የጫማዬን ክር ላስር ሳጎነብስ ራሴን አዞረኝ። ምግብ አስጠልቶኛል፣ ሳል ግን የለኝም። ድንኳናችን ውሃ አጠገብ ነው። ስንቃችን ለሁለት ቀን ተኩል ይበቃል፤ ቀጣዩ መንደር የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ጓደኛዬ «ቀስ እያልን እንሂድ፣ ላብ ሲወጣህ ይለቅሃል» ይላል። እኔ ተኝቼ መዋል ፈልጌያለሁ፣ እሱን ማስቆሙ ግን ከበደኝ። ምን ትላላችሁ? ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ብዘገይ ይቅርታ።

ነርሷ፦
እግዚአብሔር ይማርህ። ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ካለ፣ ቴርሞሜትር ባይኖርህም ትኩሳት አለኝ ብለህ ቁጠር። ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ፦ ሕመሙ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ቀላል የጉሮሮ መከርከር ከሆነ፣ ቀለል አድርጎ መሄድ ይቻላል። ወደ ደረት ከወረደ፣ ሰውነት ከቆረጠመ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ ግን እረፍት ነው። ያንተ ወርዷል።

ላብ በሽታ አያወጣም። በትኩሳት ላይ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት ልብን ያደክማል፤ አልፎ አልፎም ቫይረሱ ራሱ የልብ ጡንቻን ያስቆጣል፣ ያኔ ከባድ እንቅስቃሴ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ግን ሐኪም በሌለበት አይሞከርም። ፓራሲታሞል ብትወስድ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ፤ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ስላለ እንዳትደርብ። በቅርብ ሳምንታት ወባ ያለበት አካባቢ ካለፍክ ደግሞ እረፍት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ቶሎ ደም መመርመር አለብህ።

ዳገቱ፦
ከፍታችሁ ስንት ነው? ይህን ሳይናገሩ «ልረፍ ወይ» ማለት ግማሽ ጥያቄ ነው።

መንገደኛው፦
ስልኬ 3,100 ሜትር ገደማ ይላል። ከትናንት በስቲያ ያደርነው 2,400 ላይ ነው። ወባ ያለበት አልረገጥንም።

ዳገቱ፦
ጉሮሮና ትኩሳት የከፍታ ሕመም (ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚመጣው) ምልክት አይደሉም። ግን መዞሩና የምግብ ማስጠላቱ ከከፍታም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ተደርበው ይመጣሉ። ስለዚህ እስኪሻልህ አንድ እርምጃም ወደ ላይ የለም። አሁን ተነስተህ ተረከዝህን ከሌላው እግርህ ጣት ጋር እያነካካህ በቀጥታ መስመር ተራመድ። ከተንገዳገድክ፣ ወይም ተቀምጠህ ሳለ ትንፋሽ ካጠረህ፣ እረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ጓደኛህን ይዘህ ወዲያው መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ባለከዘራው፦
እኔ ከጓደኛህ ጋር ነኝ። በየጉንፋኑ ከቆምን ማን ይደርሳል? ሸክሙን ይውሰድልህ፣ ሁለት ሰዓት ሂዱና እዩት።

ነርሷ፦
ባለከዘራው፣ ጉንፋን ብቻ ቢሆን እስማማ ነበር። ትኩሳት ያለበትን ሰው ግን ሁለት ሰዓት ወስዶ መሞከር፣ ከውሃውም ከድንኳኑም ሁለት ሰዓት ማራቅ ነው።

ስንቅ ያዥ፦
ሒሳቡን እንሥራው። መንደሩ አንድ ቀን ተኩል፣ ስንቁ ሁለት ቀን ተኩል። ትርፋችሁ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ዛሬ ነው። በሽተኛ ደግሞ በደከመ እግር ስለሚሄድ አንድ ቀን ተኩሉ ሁለት ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ሳይሻልህ ብትነቃ «አንድ ቀን እንጨምር» ማለት አትችሉም። ወደ ኋላ መኪና መንገድ ስንት ያስኬዳል? መመለሻውን ዛሬ፣ አእምሮህ ንጹሕ ሳለ ከጓደኛህ ጋር ተስማሙበት።

እረፍት ስትል ደግሞ እረፍት ይሁን። ልብስ ማጠብ፣ እንጨት መልቀም፣ «እስቲ ያንን ጉብታ ልየው» የለም (ይህ የሁላችንም አመል ነው)። ላብ የነካውን ልብስ ቀይር፣ ሽንትህ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን በትንሽ በትንሹ ጠጣ። ውሃው ይፍላ፤ እናንተ ያላችሁበት ከፍታ ላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ካስመለሰህ ወይም ተቅማጥ ከጀመረህ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ማንኪያው ሳይቆለል። ጓደኛህ በአንተ ኩባያ አይጠጣ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ፤ እሱም ከወደቀ ማን ማንን ይሸከማል?

መንገደኛው፦
በመስመሩ ላይ ሄድኩ፣ አልተንገዳገድኩም፤ ትንፋሼም ደህና ነው። ወደ ኋላ ግማሽ ቀን ቁልቁለት አለ፣ መኪና መንገድ ያገናኛል። ለጓደኛዬ የሁላችሁንም መልስ አነበብኩለት፤ የስንቁ ሒሳብ አሳመነው። ዛሬ እንተኛለን። ነገ በምን ልወስን?

ነርሷ፦
ሌሊቱን ኪኒን ሳትወስድ እደር፣ ከጠናብህ ግን ውሰድ። ትኩሳቱ ያለ ኪኒን ከጠፋ፣ ምግብ ከተበላልህ፣ ራስህንም ካላዞረህ፣ ሸክም አቅልለህ በየሰዓቱ እያረፍክ ወደፊት ሂድ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁልቁለቱን ያዙ፣ በጠዋት። ደረትህን ከወጋህ፣ ልብህ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ፣ አንገትህ ደርቆ አልታጠፍ ካለ ወይም መናገር ካምታታህ ግን ጠዋትን አትጠብቅ፤ ኔትወርክ ባገኘህበት እርዳታ ጥራ።