«ወረቀት ስታነብ የኖረች»?

የሬዲዮ ልጅ፦ ትናንት የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የአግነስ ሙርሄድን ፎቶ የለጠፍከው ሰውዬ፣ ከሥሩ የጻፍካት ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። «ቢዊችድ የሚባለው የቲቪ ኮሜዲ ጠንቋይ እናት፤ ከዚያ በፊት ሬዲዮ ላይ ወረቀት ስታነብ የኖረች» ነው ያልከው። እውነት? በ1943 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲቢኤስ በሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ «ሰስፔንስ» በተባለ የድራማ ፕሮግራም ላይ የሠራችውን «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ሰምተኸዋል? አልጋ ላይ የዋለች ሴትዮ ባሏ ቢሮ ስትደውል መስመር ይቀላቀላል። ሁለት ሰዎች ግድያ ሲማከሩ ትሰማለች። በእነሱ 11:15፣ በእኛ ከምሽቱ 5:15፣ ባቡር ሲያልፍ ጩኸቱ እንዳይሰማ። የስልክ ኦፕሬተሯን ትለምናለች፣ ፖሊስ ትለምናለች፣ ከቁም ነገር የሚቆጥራት የለም። ተገዳይዋ ማን እንደሆነች ገምት። ግማሽ ሰዓቱን የተሸከመችው ሙርሄድ ናት።

ቦሌ ሚካኤል፦ ለጣፊው እኔ ነኝ፣ አትቆጪ እህቴ። ሰምቼዋለሁ፣ ጎበዝ ናት። ግን እውነቱን እንነጋገር። ማይክ ፊት ቆማ ወረቀት ይዛ ነው የሠራችው። መድረክ ላይ ቃሉን በቃሉ ይዞ ከሚተውን ሰው ጋር እንዴት እኩል ትሆናለች? ለዚህ አይደል በ1948 ድራማው ፊልም ሆኖ ሲሠራ ለሆሊውዷ ኮከብ ለባርባራ ስታንዊክ የተሰጠው?

የሬዲዮ ልጅ፦ ለስታንዊክ የተሰጠው ስሟ ትኬት ስለሚሸጥ ነው። ሙርሄድ ባትችልበት ኖሮ «ሰስፔንስ» እስከ 1960 ድረስ ያንኑ ድራማ እየደጋገመ ለምን ያሠራታል?

ጋሼ አራት ኪሎ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ እጁ ላይ ምን ነበር? መጽሐፍ። እስቲ ወጣ በልና ወጋየሁ አንባቢ እንጂ ተዋናይ አይደለም በል። እኔ የለሁበትም።

ቦሌ ሚካኤል፦ ኧረ ጋሼ፣ ወጋየሁን አያምጡብኝ። እሱ መድረክ ላይ የተፈተነ ነው።

የሬዲዮ ልጅ፦ ሙርሄድስ ከየት መጣች? ኒውዮርክ የድራማ አካዳሚ ገብታ በ1929 ተመርቃለች። ከዳይሬክተሩ ከኦርሰን ዌልስ ጋር በቡድኑ በሜርኩሪ ቴአትር ሠርታለች። አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭታለች።

ቦሌ ሚካኤል፦ ታጨች እንጂ አልወሰደች።

የሬዲዮ ልጅ፦ ያንተዋ ስታንዊክም አራቴ ታጭታ አንዱንም አላሸነፈች! በዚሁ ፊልም ጭምር። ሌላዋ ተዋናይ ጄን ዋይማን ናት የወሰደችባት።

ዲሲ ነኝ፦ ስለ ወረቀቱ እኔ ልናገር። ድራማው ሬዲዮ ላይ በቀረበበት የመጀመሪያው ቀን መጨረሻው አካባቢ አንዱ ተዋናይ መስመሩን ሳተ። ቀጥታ ስርጭት ነው፣ እንደገና እንቅዳው አይባልም። አድማጩ ሴትዮዋ ትሙት ትትረፍ ግራ ገባው። በሳምንቱ ማብራሪያ መስጠት ግድ ሆነ። ሰውየው ወረቀቱ እጁ ላይ እያለ ነው እንግዲህ። ሙርሄድ ደግሞ ያቺኑ የመጀመሪያዋን ስክሪፕት ነበር በየጊዜው ይዛ የምትመጣው፣ ጠርዟ ተበላልቶ አልቆ።

ቦሌ ሚካኤል፦ አያችሁ? ከስንት ዓመት በኋላም ወረቀት! ራሳችሁ መሰከራችሁ።

ዲሲ ነኝ፦ አንተ ሰው እያሾፍክ ነው? የሬዲዮ ወጉ ነው። ስታንዊክም ሬዲዮ ላይ ስትቀርብ ወረቀት ይዛ ነው። አሁን ሂድና ፖሊሱን ስታናግር ስማት። ስትጀምር ታዛለች፣ ሠራተኛ የምታዝ የሀብታም ሚስት። ቆይቶ ድምጿ ይቀጥናል፣ ትንፋሿ ቃሉ መሃል ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ትለማመጣለች። ያ ወረቀቱ ላይ የለም። ያንን የ1943 ስርጭት እኮ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ መዝገቡ አስገብቶታል።

ቦሌ ሚካኤል፦ እሺ፣ ድምፅ ነው እንበል። ፊልሙ ግን 89 ደቂቃ ነው። ወደ ኋላ እየተመለሰ ወጣትነቷን ያሳያል፣ ባሏን ሆኖ ከሚተውነው ከበርት ላንካስተር ጋር የተዋደደችበትን ያሳያል። የፊልሙን ስክሪፕት የጻፈችው ያቺው የሬዲዮው ደራሲ ሉሲል ፍሌቸር ናት። እዚያ ላይ ፊት ያስፈልጋል።

የሬዲዮ ልጅ፦ በል እንደሱ በል! ጉዳዩ መልክ ነው። ከትናንት ጀምሮ በወረቀት ስታደክመን።

ቦሌ ሚካኤል፦ መልክ አላልኩም፣ ፊት ነው ያልኩት።

የሬዲዮ ልጅ፦ ወይ ጉድ።

ፒያሳ፦ እናንተ የሆሊውድ ጠበቃ ሆናችሁ፣ የኛዎቹስ? ቃና ላይ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ የሚናገሩትን ልጆች ድምፅ አገር ያውቀዋል። ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ቢቀመጡ ግን አታውቃቸውም። ሙርሄድ ቢያንስ ስሟ ቀረ።

ቦሌ ሚካኤል፦ ዱብ ደግሞ ትወና ሆነ?

ጋሼ አራት ኪሎ፦ ቃና ሲጀምር ስንቱ አርቲስት ነው ባህላችን አለቀ ብሎ የጮኸው! እኔም አልወደድኩትም። ግን ልጆቹ ይሠራሉ። የሌላ ሰው ከንፈር ላይ አማርኛ ማስቀመጥ ቀላል እንዳይመስልህ።

ቦሌ ሚካኤል፦ ጋሼ፣ እርስዎም ማየት ጀመሩ? የቱርክ ድራማ የሚያይ ሰው ስለ ትወና ባይፈርድ ጥሩ ነው።

ፒያሳ፦ እንደሱ ከሆነ ቤትህ ግባና ማታ ማታ ሪሞቱን ማን እንደያዘው እይ።

ቦሌ ሚካኤል፦ ሚስቴን እዚህ አታስገቢያት።

ፒያሳ፦ ስሟን ማን ጠራ? ራስህ ነህ ያመጣሃት።