ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ልጆቹን ይዤ ልውረድ ወይስ ልተኛ?

የመንታዎቹ እናት (ጠያቂ)፣ ዓርብ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 5:41
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ሲንቀጠቀጥ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ድረስ። ልጆቹ ተኝተዋል። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው። ይዣቸው ልውረድ ወይስ አልፏል? ደግሞ ቲክቶክ ላይ አንዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከዚህ የባሰ ይመጣል እያለ ነው። እውነት ነው?

የኮልፌ ልጅ፣ 5:43
እኛም ጋ በደንብ ተሰምቷል። አምፖሉ ሲወዛወዝ ባለቤቴ ከእንቅልፉ ባንኖ «መብራት መጣ እንዴ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይጠብቀን።

ሰላም ለሁሉ፣ 5:44
ጠረጴዛ ሥር ግቡ!

ሳይት ኢንጂነር፣ 5:47
እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ። ስንተኛ ፎቅ ነሽ? የተሰነጠቀው ብሎኬቱ ነው ወይስ ኮለኑ? ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው ወይስ ሰያፍ ነው? ፎቶ ካለሽ ላኪ። ስታነሺ አጠገቡ እስክሪብቶ ያዢበት፣ ስፋቱን እንድገምት።

የመንታዎቹ እናት፣ 5:49
ፎቶ አልላክ አለኝ፣ ኔትወርኩ ቀጥ ብሏል። 7ኛ ፎቅ ነኝ፣ አያት አካባቢ። ኮለን የትኛው ነው?

ይህ ሁሉ ወሬ፣ 5:50
ስንጥቁ አሁን የመጣ ለመሆኑ በምን አወቅሽ? አዲስ አበባ ውስጥ ስንጥቅ የሌለበት ቤት የለም። በምሥራቅ በኩል ያለው ሰፈር ብዙው ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ይዞት ይሄዳል። ሰው ግድግዳውን ልብ ብሎ የሚያየው ሲደነግጥ ነው። በባትሪ ውስጡን እዪው። አቧራ ወይም ቀለም ከገባበት የቆየ ነው። ጫፉ ስለታምና ንጹሕ ከሆነ፣ ከሥሩም ወለሉ ላይ የልስን ብናኝ ካለ አዲስ ነው።

የመንታዎቹ እናት፣ 5:52
ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹን ሳስተኛ አልነበረም። አልጋው ላይ ሲሚንቶ ረግፏል እያልኩህ ነው።

ሳይት ኢንጂነር፣ 5:55
እሺ፣ አዲስ ነው እንበል። አሁን በእርጋታ አንብቢኝ።

ኮለን ማለት ቤቱን የተሸከመው ቋሚ የኮንክሪት ምሰሶ ነው። ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ጥግ ጥጉ ላይ ታዪዋለሽ። ከላይ በአግድም የሚሄደው ደግሞ ቢም ነው። ብሎኬቱ መሙያ ነው እንጂ ፎቁን አልተሸከመም። ሕንፃ ሲወዛወዝ ኮንክሪቱ ይታጠፍና ይመለሳል። ብሎኬቱ ግን መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ከሆነ ያስደነግጣል እንጂ ሕንፃው ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ኮለኑ ራሱ ላይ ሰያፍ ወይም የመስቀል ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ካለ፣ ኮለንና ቢም የሚገናኙበት ቦታ ኮንክሪቱ ረግፎ ብረቱ ከታየ፣ ወለሉ ካዘመመ፣ በር ወይም መስኮት ካለ ወትሮው ከጠበቀ። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካየሽ ጥያቄ የለውም፣ ውረጂ።

የጂኦሎጂ መምህር፣ 5:58
እንደምን አመሻችሁ። ነገሩን ከሥሩ መረዳት ጥሩ ነው። አገራችን ሦስት የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች የሚለያዩባት ቦታ ናት። በምዕራብ የኑቢያ፣ በምሥራቅ የሶማሊያ፣ በሰሜን ምሥራቅ የአረቢያ። ሦስቱም የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች በስምጥ ሸለቆው በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ትንሽ ይመስላል። ግን ለመቶ ዓመት ሲጠራቀም ግማሽ ሜትር ነው። ክፍተቱንም ከሥር የቀለጠ ዓለት ይሞላዋል።

ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች መካከል የሚካሄደው ይኸው ነው። ማግማ፣ ማለትም ይኸው የቀለጠ ዓለት፣ ወደ ጎን እየገፋ ዓለቱን ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ሲፈጠር መሬት ይንቀጠቀጣል። ታኅሣሥ 25 ዶፈን አጠገብ በኃይል ሲወጣ ያያችሁት ጭስ መሳይ ነገር እንፋሎት፣ አቧራና ጭቃ ነበር፤ ቀልጦ የፈሰሰ ዓለት አልነበረም። ከዚህ የሚበልጥም አይተናል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም አፋር ውስጥ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከፈተ። በሰፊው ቦታ ላይ 8 ሜትር ያህል ተለያይቷል። የዓለም ሳይንቲስቶች ሊያዩት የጎረፉት በሌላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሥር የሚደረገውን በደረቅ መሬት ስላገኙት ነው።

የዛሬው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ቁጥር መጨመር ማለት ጉልበቱ 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ 5 እና 6 ተቀራራቢ አይደሉም።

የኮልፌ ልጅ፣ 6:00
መምህር፣ ትምህርቱ ግሩም ነው። ሴትዮዋ የጠየቀችው ግን ልውረድ ወይስ ልተኛ ብላ ነው።

የጂኦሎጂ መምህር፣ 6:02
እውነት ነው። እንግዲያው የ9 ሰዓቱን ወሬ ልመልስ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር መሣሪያም ሰውም በዓለም ላይ የለም። ጃፓንም የላትም፣ አሜሪካም የላትም። ሰዓት የጠራላችሁ ሰው ይዋሻል። አነስ ያሉ ተከታዮች ግን ዛሬም ነገም ይኖራሉ። በዚህ አካባቢ ነገሩ ለወራት እየተደጋገመ ስለቆየ ትልቅም አይመጣም ብሎ መማል አይቻልም። ታኅሣሥ 26 የመጣውን ትልቁ እሱ ነው ብለው የተረጋጉ ነበሩ። የዛሬው በለጠው።

ሌላ ነገር። ከፈንታሌ ተራራ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይከስማል፣ ዝግተኛው ይደርሳል። ዝግተኛው ደግሞ ረጅም ሕንፃን ነው የሚያወዛውዘው። ምድር ቤት ያለው ዘበኛ ምንም ሳይሰማው አንቺ 7ኛ ፎቅ ላይ የተንገዳገድሽው ለዚህ ነው። ሕንፃሽ ከሌላው ስለደከመ ላይሆን ይችላል።

ሰላም ለሁሉ፣ 6:03
ጠረጴዛ ሥር ግቡ ብያለሁ! ራስ ይሸፈን!

ከነታንያ፣ 6:04
እኛ እዚህ እስራኤል የተማርነው ሌላ ነው። ምድር ቤት ከሆንክ ወዲያው ወደ ሜዳ ውጣ። ካልቻልክ ማማድ ግባና በሩን ክፍት ተው። ማማድ ከሌለ ደረጃው ላይ። ጠረጴዛ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ሎስ አንጀለስ 20 ዓመት፣ 6:07
ወንድሜ፣ ማማድ በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ መጠለያ ክፍል ነው። አያት ላይ የት ይገኛል? ምክር እንደ ሕንፃው ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ ለልጆች ትምህርት ቤት የሚያስተምሯቸው ዝቅ በል፣ ተከለል፣ አጥብቀህ ያዝ ነው። እየተንቀጠቀጠ መሮጥ የለም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥና ዕቃ ሲወድቅበት ነው። አልጋ ላይ ከሆንሽ እዚያው ሆነሽ ትራሱን ጭንቅላትሽ ላይ አድርጊ። በር መቃን ሥር መቆም የድሮ ምክር ነው፣ ተዪው። እኛ ቤት ቁምሳጥኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውኃ ማሞቂያው ሁሉ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ነው። የመንታዎቹ እናት፣ ልጆቹ ከተኙበት አጠገብ ቁምሳጥን ካለ ከስንጥቁ በፊት እሱን አስቢ።

ከመተሐራ፣ 6:10
የአዲስ አበባ ሰዎች እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኛ ዛሬ የተኛነው ውጪ ነው፣ የተኛ ካለ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቤት ውስጥ አላደርንም። በእኛ በኩል መሬቱ ራሱ ተሰንጥቋል። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ሰው ከነከብቱ ተነሥቷል። መንግሥት 80 ሺህ ያህል ሰው ከአካባቢው እንደሚነሣ ተናግሮ ነበር። ከሰም ግድብ ቅርባችን ነው፣ ሌሊት ሌሊት የምናስበው እሱን ነው። ስለ ግድግዳ ስትነጋገሩ እኛንም በጸሎት አስቡን። ድንኳን የሚልክ ካለም ይላክ።

አባባ ከማጀቴ፣ 6:14
ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራቆሬና ማጀቴ ላይ የሆነውን እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ። ማጀቴ እንዳልነበረች ሆነች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተቆራረጠ። ሰውን የጎዳው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው፤ የሣር ክዳን ጎጆ የነበረው ተረፈ። ትልቁ ከመጣ በኋላም ለብዙ ጊዜ መሬቱ አላረፈም። አባቴ ከብቱን ሜዳ አሳደረ፣ እኛንም ሜዳ አሳደረን። ነውር ሆኖብን አያውቅም። ልጄ፣ ከተጠራጠርሽ ውረጂ። አንድ ሌሊት ብርድ አይገድልም፣ ልጆቹን በጋቢ ጠቅልያቸው።

የመንታዎቹ እናት፣ 6:17
አባባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢንጂነር፣ አሁን አየሁት። ስንጥቁ ጥጉ ላይ ነው፣ ከቋሚው ኮንክሪት ጋር በሚገናኝበት። ቀጥ ያለ ነው። ኮንክሪቱ ራሱ ምንም የለውም። የመኝታ ቤቱ በር ግን አልዘጋ ካለኝ ቆይቷል፣ ለዚያ ብዬ በወንበር ደግፌዋለሁ።

ሳይት ኢንጂነር፣ 6:18
ቆይ፣ «ቆይቷል» ስትዪ ከመቼ? ከክረምት ወይስ ከአሁን?

የመንታዎቹ እናት፣ 6:19
ከመንቀጥቀጡ ወዲህ። ማታ ይዘጋ ነበር። አሁን ከላይ መቃኑ ላይ ይነካል።

ይህ ሁሉ ወሬ፣ 6:20
ይኼንን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ስለ ጥቁር አፈር ባላወራሁ። ውረጂ።

ሳይት ኢንጂነር፣ 6:22
መቃኑ ተጣሟል ማለት ነው። ብሎኬቱ ብቻ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እሱ ነው። ግን በሌሊት፣ በስልክ፣ ፎቶ እንኳ ሳላይ «ተኚ» አልልሽም። ደግሞ ልጆች የተኙበት ክፍል በር በሚቀጥለው ንዝረት ተጣብቆ አልከፈት ቢል ከውጭ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ? ወንበሩን ወዲያው አንሺውና በሩን እስከ ዳር ክፈቺው።

ከዚያ እንዲህ አድርጊ። የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጊ። ለልጆቹ ጫማ አድርጊላቸው፣ ደረጃው ላይ ብርጭቆ ሊኖር ይችላል። ሊፍት በፍጹም አትጠቀሚ፣ መብራት ቢጠፋ መሐል ላይ ትቀሪያለሽ። ስትወርጂ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ቁሚና እስኪያቆም ጠብቂ። ታች ስትደርሺ ከሕንፃው ሥር አትቁሚ። መስታወትና የበረንዳ ብሎኬት የሚወርደው እዚያ ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦም ራቂ። መኪና ያለው ጎረቤት ካለ ሜዳ ላይ አቁሞ ልጆቹን ውስጥ ያስተኛልሽ። የተጎዳ ሰው ወይም እሳት ካለ 939 ደውዪ።

የመንታዎቹ እናት፣ 6:24
እሺ። በሩን ከፍቻለሁ። አንዷን አዝያለሁ፣ ሌላውን ጎረቤቴ መጥታ ይዛልኛለች። እየወረድን ነው።

ሰላም ለሁሉ፣ 6:25
በርቺ እህቴ። ጠረጴዛውን ተዪው።

የኮልፌ ልጅ፣ 6:58
የመንታዎቹ እናት፣ ደረሳችሁ?

ሎስ አንጀለስ 20 ዓመት፣ 7:31
ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል። በአያት በኩል ያለ ሰው ወጣ ብሎ ቢያይ ደስ ይለኛል።

9ኛ ፎቅ፣ 7:40
እኔም ልጠይቅ። እኛ ጋ የተሰነጠቀ ነገር የለም። ጣሪያው ላይ ግን ትልልቅ ሮቶዎች አሉ፣ ሲወዛወዝ ውኃው ሲንቧቧ ይሰማኛል። ያስጋል?

ሳይት ኢንጂነር፣ 7:52
ያስጋል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ሙሉ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ 5 ቶን ነው። ብዙ ቦታ በብረት ቋሚ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል እንጂ አልታሰረም። ሕንፃው ሲወዛወዝ ከሁሉም በላይ የሚወዛወዘው ጣሪያው ነው። ነገ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ይዘህ ውጣ። ቋሚው በቦሎን ከኮንክሪቱ ጋር መያያዙን እዩ። ካልተያያዘ እስኪሠራ ድረስ ሮቶዎቹን ከግማሽ በላይ አትሙሏቸው።

ግድግዳቸው የተሰነጠቀባችሁ ደግሞ ወዲያው በልስን አትሸፍኑት። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። መሐሉ ላይ የጣት ስፋት ያለው ጂፕሰም ለጥፉ። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ያኔ የስትራክቸር መሐንዲስ አስጠሩ፣ ለቀለም ቀቢ አታሳዩት። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ምድር ቤቱ ውስጥ ያሉትን ኮለኖች ከላይ እስከ ታች እዩ። ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ሱቅና ፓርኪንግ ስለሆነ ደግሞ ዙሪያቸውን ግድግዳ የለም።