በ«ቢኮዝ» የጀመረ ዓረፍተ ነገር የት ላይ ይታሰራል?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ። ለካናዳ ለማመልከት አይኤልትስ ጄኔራል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልቀመጥ ነው። ንባቡም ማዳመጡም ደህና ነው፤ ጽሑፉ ላይ ግን ሁለት እርማቶች እየተመላለሱ ይመጡብኛል። አንዱ «ፍራግመንት» ሌላው «ራን ኦን» ይላል። ምሳሌ ላስቀምጥ፦

«ቢኮዝ ዘ ሮድ ቱ ጢስ ዓባይ ኢዝ ባድ። ቱሪስትስ ካም ሌት።»

«ዘ ሌክ ኢዝ ካልም ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ዘ ቦትስ ጎ ኧርሊ።»

የመጀመሪያው ፍራግመንት፣ ሁለተኛው ራን ኦን ተብሏል። ስለ ክሎዝ የምታውቁ ታላላቆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ ብታስረዱኝ።

መላሽ፣ ከኤድመንተን

እህቴ፣ ክሎዝ ማለት ባለቤትና ግስ ያለው የዓረፍተ ነገር ክፍል ነው። ፍራግመንት ሳይታሰር ነጥብ የተደረገበት ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ራን ኦን ደግሞ በደንብ ሳይያያዙ የተቀጣጠሉ ክሎዞች። ሁለቱም ስህተት የሚወጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ነገሩን ከሚዘጋው ግስ።

እንግሊዝኛም እንደ አማርኛ ከነጥብ እስከ ነጥብ ማሰሪያ ይፈልጋል። ልዩነቱ ማሰሪያውን የሚያፈርሰው ቃል የት ይቀመጣል የሚለው ላይ ነው። «መንገዱ መጥፎ ስለሆነ» ስትዪ «ስለ» ግሱ ላይ ተለጥፏል፤ ነገሩ እንዳላለቀ ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል። እዚያ ላይ አራት ነጥብ የሚያኖር አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ሲመጣ»፣ «ከመጣ»፣ «ቢመጣም»፣ «እንደመጣ»፣ «የመጣው»፣ ሁሉም ግሱን ይዘው ነው የሚፈቱት። በእንግሊዝኛ ግን አፍራሹ ቃል ከክሎዙ ራስ ላይ ይቀመጥና ግሱን ሳይነካው ያልፋል። «ኢዝ» ከ«ቢኮዝ» በኋላም፣ ያለ «ቢኮዝ»ም ያው «ኢዝ» ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ስትደርሺ የታሰረ ይመስልሻል፤ ነጥቡን ታኖሪያለሽ።

በጎጃም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ደንብ ያውቀዋል፤ ዐቢይ አገባብ የወደቀበት ግስ ማሰሪያነቱ ይፈርሳል። «ቢኮዝ»፣ «ኦልዞው»፣ «ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «አንቲል»፣ «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው። እነሱ የሚመሩት ጥገኛ ክሎዝ ነው፤ ያለ እነሱ የቆመው ዋና ክሎዝ ነው። ጥገኛና ዋና የያዘው ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ይባላል።

እንግዲህ ጆሮን ትተሽ በእስክሪብቶ ቁጠሪ። መጀመሪያ ጊዜ የያዙትን ግሶች ብቻ አስምሪባቸው። «ኢዝ»፣ «ካም»፣ «ዌንት» እያንዳንዳቸው አንድ ናቸው፤ «ዊል ጎ» እና «ሃቭ ፋውንድ»ም ረዳት ግሱን ጨምረው አንድ አንድ ናቸው። «ቱ ጎ» ወይም ብቻውን የቆመ «ጎይንግ» አይቆጠርም። ቀጥሎ ማያያዣዎቹን ክበቢያቸው፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውንም፣ «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ሶ»፣ «ኦር»ንም፣ ሁለት ክሎዝ እስካገናኙ ድረስ። በነጥብና በነጥብ መካከል ማያያዣው ከግሱ በአንድ ማነስ አለበት። ሁለት ግስ ካለ አንድ ማያያዣ፤ አራት ግስ ካለ ሦስት።

የአንቺ የመጀመሪያው አንድ ግስ፣ አንድ ማያያዣ ነው። ማያያዣው በዝቷል፤ የሚያስተሳስረው ሌላ ክሎዝ ከነጥቡ ማዶ ቀርቷል። ነጥቡን ወደ ኮማ ለውጪው፦ «ቢኮዝ ዘ ሮድ ቱ ጢስ ዓባይ ኢዝ ባድ፣ ቱሪስትስ ካም ሌት።» ሁለተኛው ሁለት ግስ ነው፤ ማያያዣ የለውም። ኮማ በእንግሊዝኛ ሁለት ዋና ክሎዝ የማያያዝ አቅም የለውም። ከኮማው ቀጥሎ «ሶ» ጨምሪ፤ ወይም እኛ ድርብ ሰረዝ በምናኖርበት ቦታ እነሱም ሴሚኮለን አላቸውና እሱን አኑሪ፤ ወይም በነጥብ ለያይው።

ይኸው ቆጠራ ሌላም የኛን ሰው ስህተት ይይዛል። «ቢዘንብም ግን ሄድን» በአማርኛ ያምራል። «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ባት ዊ ዌንት» ግን ሁለት ግስ፣ ሁለት ማያያዣ ነው፤ አንዱ ይውጣ። «ቢኮዝ» ብሎ ጀምሮ «ሶ» የሚደግመውም እንደዚሁ።

ኮማውን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ጥገኛ ክሎዝ ከፊት ሲመጣ ከኋላው ኮማ ይከተለዋል፤ ከኋላ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ኮማ አያስፈልገውም። ምሳሌዎቹን በላቲን ፊደል ገልብጠሽ ተለማመጂባቸው፤ የሥርዓተ ነጥቡ እጅ የሚፈታው እዚያ ነው።

መላሽ፣ ከሚኒያፖሊስ

የኤድመንተኑ ወንድማችን ያስቀመጠው ቆጠራ ልክ ነው። ሦስት ነገር ልጨምርበት።

«ሃውኤቨር»፣ «ዜርፎር» እና «ዜን» ማያያዣ አይደሉም። ትርጉማቸው «ባት»ንና «ሶ»ን ስለሚመስል ሰው በኮማ አስከትሎ ይጽፋቸዋል፤ ውጤቱ ራን ኦን ነው። ከፊታቸው ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ይፈልጋሉ። በቆጠራው ውስጥ አታስገቢያቸው።

«ዛት» ደግሞ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። «አይ ቲንክ ሂ ኢዝ ሂር» ሁለት ግስ ነው፤ ማያያዣ የለውም፤ ግን ትክክል ነው። ስትቆጥሪ የጎደለውን «ዛት» መልሰሽ አስገቢ።

ሦስተኛውና ዋናው ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ነገሩን ሳይዘጋ የሚያንጠለጥለው ግስ ነው። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሥራ ሄደ» ስንል አንድ ማሰሪያ ነው ያለው። እንግሊዝኛ የኛን ዓይነት ቦዝ ስለሌለው በዝርዝር ይተካዋል፦ «ሂ ጎት አፕ፣ ዎሽድ፣ ኤት ብሬክፋስት ኤንድ ዌንት ቱ ወርክ።» ባለቤቱ አንድ ሲሆንና ግሶቹ ሲደረደሩ መጨረሻ ላይ ያለው አንድ «ኤንድ» ለሁሉም ይበቃል፤ የቆጠራው ደንብ እዚህ ላይ አይሠራም።

በቦዝ ምትክ ኢንግ ያለበትን ግስ የሚጠቀሙም አሉ፤ አደጋው እዚያ ነው። «ባሕር ዳር ደርሰን ሐይቁ ማዕበል ነበረው» ብንል «ደርሰን» ውስጥ «እኛ» አለ፤ ማን እንደደረሰ አይጠፋም። የእንግሊዝኛው ኢንግ ግን ባለቤት አይሸከምም፤ ከዋናው ክሎዝ ይዋሳል። «አራይቪንግ ኢን ባሕር ዳር፣ ዘ ሌክ ዎዝ ራፍ» ያለ ሰው ባሕር ዳር የደረሰው ሐይቁ ነው እያለ ነው። የሁለቱ ባለቤት ከተለያየ ወደ ሙሉ ክሎዝ ተመለሺ፦ «ዌን ዊ አራይቭድ ኢን ባሕር ዳር፣ ዘ ሌክ ዎዝ ራፍ።»

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቆየ ልምምዴን በዚህ ስቆጥር ስህተቱ ራሱ ይታያል። አሁን የቸገረኝ «ሁ» እና «ዊች» ናቸው፤ መቼ ኮማ እንደሚገባባቸውም አይገባኝም።

መላሽ፣ ከኤድመንተን

«ትናንት ያየሁት ሰውዬ» በሚለው ውስጥ «ት» ሰውዬውን ያመለክታል። አማርኛችን ይህን ጠቋሚ ስለሚፈልግ ወደ እንግሊዝኛው ስንሻገር «ሂም» ይዘን እንሄዳለን፦ «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም።» ስህተት ነው፤ «ሁ» ራሱ የ«ሂም»ን ቦታ ወስዷል። መጀመሪያ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ «አይ ሶው ሂም»፣ «ዘ ማን ኢዝ ማይ ቲቸር»። «ሂም»ን ሰርዘሽ በምትኩ «ሁ» አድርጊና ከ«ማን» ቀጥሎ አስገቢው፦ «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ኢዝ ማይ ቲቸር።» በጥብቅ ይፋዊ ጽሑፍ እዚህ ቦታ «ሁም» የሚሉ አሉ፤ ለአንቺ ፈተና «ሁ» ይበቃል።

የተገላቢጦሹ ስህተት «የምኖርበት ቤት» ላይ ነው። አማርኛው «በት»ን ግሱ ውስጥ ስለደበቀው በእንግሊዝኛው ይረሳል፤ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ» ተብሎ ይቀራል። «በት» ካለ «ኢን» ይኑር፦ «ዘ ሃውስ ዊች አይ ሊቭ ኢን።» ወይም «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ»፤ ያኔ «ኢን» ይወጣል።

ኮማው ትርጉም ይለውጣል፤ እዚህ ላይ ቆም በዪ። ሴት የማያስገቡትን የጣና ገዳማት አስቢ። «ዘ ሞናስተሪስ ዛት ዱ ኖት አድሚት ዊሜን» ያለ ኮማ ሲጻፍ ከገዳማቱ መካከል እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉትን ብቻ ለይቶ ያወጣል። በ«ዊች» እና በሁለት ኮማ አጥረሽ «ዘ ሞናስተሪስ፣ ዊች ዱ ኖት አድሚት ዊሜን፣» ብትዪ ግን ገዳማቱ ሁሉ ሴት አያስገቡም ማለት ይሆናል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶች ስለሚገቡ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው። ክሎዙ የትኛው ለሚለው ከመለሰ ያለ ኮማ፤ ቀድሞ ስለታወቀ ነገር ተጨማሪ ወሬ ከሆነ በኮማ ይታጠር። የተጸውዖ ስም ራሱ የታወቀ ስለሆነ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ኮማ ይፈልጋል፦ «ሌክ ጣና፣ ዊች ኢዝ ዘ ላርጀስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ፣ …»። ከእንዲህ ያለ ኮማ በኋላ «ዛት» አይገባም።

ለኢሚግሬሽን በሚጻፍ ደብዳቤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ካልጋሪ» ያለ ኮማ ከሆነ አንባቢው ሌላም ወንድም አላት ብሎ ይረዳል፤ በኮማ ከታጠረ አንድ ወንድም ብቻ ነው። ቅጹ ላይ የሞላሽው የቤተሰብ ዝርዝር ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። በበኩሌ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ውስጥ በኮማ ላይ መተማመንን አልመክርም፤ «አይ ሃቭ ቱ ብራዘርስ። ዋን ኦፍ ዜም ሊቭስ ኢን ካልጋሪ።» ብሎ በቁጥር መናገር ይሻላል።

መላሽ፣ ከለንደን

ስለ ደብዳቤ ከተነሳ፣ ከዚህ የባሰ ችግር የሚያመጣው የሰው ንግግር ሲጠቀስ ነው። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ያስቀምጣል፤ «እመጣለሁ አለ»። በቀጥታ ወስዶ «ሂ ሰድ አይ ዊል ካም» ብሎ የጻፈ ሰው የሚመጣው እኔ ነኝ ብሏል። ለፖሊስ፣ ለሐኪም ወይም ለጥገኝነት ጉዳይ ቃል ሲሰጥ ማን ምን አደረገ የሚለው በዚህ ይገለበጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ «አይ»ን ወደ «ሂ» ለውጪ፣ ግሱን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሺ፣ «ዊል» «ውድ» ይሁን፣ ከዚያ የጊዜውን ቃል አስተካክዪ፤ «ቱሞሮው» ቀኑ ካለፈ «ዘ ኔክስት ዴይ» ይሆናል። «ሂ ሰድ ዛት ሂ ውድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ።»

በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባ ጥያቄም የጥያቄ ቅርጹን ይተዋል። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ኦፊስ ኢዝ» ነው እንጂ «ዌር ኢዝ ዘ ኦፊስ» አይደለም። መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ጥያቄ ከሆነ በ«ኢፍ» ወይም በ«ዌዘር» ይገባል።

ከ«ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «አንቲል» እና «ቢፎር» በኋላ ለወደፊት ጊዜ «ዊል» አታስገቢ። «ኢፍ ኢት ሬይንስ ቱሞሮው፣ ዘ ቦትስ ዊል ኖት ጎ።» እኛም «ነገ ከዘነበ» ስንል ባለፈ ጊዜ ግስ ስለ ነገ እንናገራለንና ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ዌን» ጥያቄ ሲሆን ወይም «መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» በሚለው መንገድ ሲገባ ግን «ዊል» ይቻላል።

ለቀረው፣ ለቤት አከራይና ለመሥሪያ ቤት ሲጻፍ ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ባይኖር እመርጣለሁ። አጭር ይሁን።

መላሽ፣ ከሚኒያፖሊስ

ለአከራዩ እስማማለሁ፤ ለፈተናው አልስማማም። የአይኤልትስ ጽሑፍ በአራት መስፈርት ነው የሚታረመው፤ አራቱም እኩል 25 በመቶ ይይዛሉ፤ አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው። ሁሉም አጭር ከሆነ ስፋቱ ይጎድላል። ባንድ የሚባለው የፈተናው የውጤት ደረጃ ነው፤ ባንድ 6 ቀላልና ውስብስብ የተቀላቀለበት ጽሑፍ ይጠብቃል፤ ባንድ 7 የተለያየ ዓይነት ውስብስብ አሠራርና ስህተት የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ደጋግመው እንዲታዩ ይፈልጋል። «ቢኮዝ»ን አሥር ጊዜ መደጋገም ልዩነት አይባልም። አንድ «ኦልዞው»፣ አንድ «ኢፍ»፣ ሁለት «ዊች»፣ አንድ «ዛት» ይሻላል። ካናዳ የቋንቋ ችሎታን በምትለካበት በሲኤልቢ ደረጃ፣ ሲኤልቢ 7 የሚባለው በጄኔራሉ ጽሑፍ 6.0 ነው፤ ሲኤልቢ 9 ደግሞ 7.0።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል ነው፤ ጠቅላላ ጊዜው 60 ደቂቃ፣ የሚመከረው ክፍፍል 20 እና 40። ሁለተኛው እጥፍ ስለሚመዝን ከ40ው የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃ ለግስ ቆጠራ አስቀሪ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት በላይ ጥገኛ ክሎዝ አታስገቢ፤ ሦስተኛው ሲገባ ስህተትም አብሮ ይገባል።

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር

ይህችን እዩልኝ፤ ግስ አምስት፣ ማያያዣ አራት ቆጥሬያለሁ፦

«ኦልዞው ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ካልጋሪ፣ ሰድ ዛት ዘ ዊንተር ኢዝ ሎንግ፣ አይ ዎንት ቱ ጎ ዜር ቢኮዝ ኦፍ ማይ ጆብ ኢዝ ኢን ዛት ሲቲ።»

መላሽ፣ ከኤድመንተን

ቆጠራሽ ልክ ነው፤ «ሊቭስ»፣ «ሰድ»፣ «ኢዝ»፣ «ዎንት»፣ «ኢዝ»። የመጨረሻው «ዛት» «ያ» ማለት ስለሆነ አለመቆጠሩም ልክ ነው። ኮማዎቹ አንድ ወንድም ካለሽ ትክክል ናቸው። «ዘ ዊንተር ኢዝ ሎንግ» ወደ «ዎዝ» አለመመለሱም ትክክል ነው፤ ክረምታቸው ዛሬም ረጅም ነውና። የሚስተካከለው «ቢኮዝ ኦፍ» ነው። «ኦፍ» ካለ ከኋላው ስም ብቻ ይቆማል፤ ግስ ያለው ክሎዝ ከመጣ «ኦፍ» ይውጣ፦ «ቢኮዝ ማይ ጆብ ኢዝ ኢን ዛት ሲቲ።» ጥገኛው አራት ስለሆነ ደግሞ ለሁለት ክፈያት፦ «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ካልጋሪ፣ ሰድ ዛት ዘ ዊንተር ኢዝ ሎንግ። ሃውኤቨር፣ አይ ዎንት ቱ ጎ ዜር ቢኮዝ ማይ ጆብ ኢዝ ኢን ዛት ሲቲ።» የመጀመሪያው ሦስት ግስ በሁለት ማያያዣ፣ ሁለተኛው ሁለት ግስ በአንድ።