የአሳንቴ ወርቅና «ውሰት» የምትባል ቃል

ሽሮ ሜዳ፦
ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ እንግዳ እንዲህ አለ፦ «ጋናዎች ብልህ ናቸው። እንግሊዞች ከአሳንቴ ሕዝብ ከተማ ከኩማሲ የዘረፉትን ወርቅ ከለንደን በውሰት አምጥተው ለሕዝባቸው አሳዩ። እኛ ግን የመቅደላው ሁሉ ካልተመለሰ እያልን ባዶ እጃችንን ቀረን።» ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእናቴን የአንገት ወርቅ ዘርፎ የሄደ ሰው ተመልሶ መጥቶ «ለእህትህ ሠርግ አውስሃለሁ፤ ሠርጉ ሲያልቅ ትመልስልኛለህ፤ እዚህ ላይ ፈርም» ቢለኝ ልፈርምለት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ንዴትህ ይገባኛል ወንድሜ፤ ግን ነገሩን ከነቁጥሩ እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በ2024 ወደ ኩማሲ የሄደው 32 ዕቃ ነው፤ 17ቱ ከለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ 15ቱ ከብሪቲሽ ሙዚየም። ውሉ ለሦስት ዓመት ነው፤ ከተስማሙ ሌላ ሦስት ይጨመርበታል። ብሪቲሽ ሙዚየም በ1963ቱ ሕግ፣ ቪክቶሪያና አልበርት በ1983ቱ ሕግ ዕቃ እንዳይመልሱ እጃቸው የታሰረ ነው። የአሳንቴው ንጉሥ ኦፖኩ ዋሬ ዳግማዊ በ1974፣ ዝርፊያው መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ዕቃችን ይመለስልን ብለው ጠይቀው ነበር። አልተመለሰላቸውም። ከዚያ 50 ዓመት ሄደ። በእነዚያ 50 ዓመታት ኩማሲ ውስጥ የተወለደ ልጅ የአያቶቹን ሰይፍ ለማየት የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገው ነበር። አሁን ታክሲ ይበቃዋል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሽሮ ሜዳ፦
«እጃቸው የታሰረ ነው» አልክ። ማን አሰረው? ሕጉን ያወጣው የራሳቸው ፓርላማ ነው፤ የሚፈታውም እሱ ነው። ደግሞ ሲፈልጉ መስጠት ያውቃሉ። በ1924 ራስ ተፈሪ ለንደን በሄዱ ጊዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመልሷል። ያኔ ያልታሰረ እጅ ዛሬ የታሰረው በራሱ ገመድ ነው።

ፍቅርተ፦
ሎስ አንጀለስ ያለው የፋውለር ሙዚየምስ? እዚያው 2024 ፌብሩዋሪ ላይ ሰባት የአሳንቴ ዕቃ ኩማሲ ላለው ለንጉሡ ለማንህያ ቤተ መንግሥት መልሷል። ያለ ውሰት፣ ያለ ቀነ ገደብ። ሰባቱ በባለቤትነት ገቡ፣ ሠላሳ ሁለቱ በእንግድነት። የሬዲዮው ሰው ሰባቱን ለምን አላነሳም?

አክራ ያለሁት፦
ጋና ስኖር ሰባተኛ ዓመቴ ነው፤ ኩማሲ ደግሞ ለሥራ እመላለሳለሁ። መጀመሪያ «አሻንቲ» የሚባለውን ተዉት። እሱ እንግሊዝ የጻፈው ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን አሳንቴ ነው የሚሉት።

ኤግዚቢሽኑን ሄጄ አይቻለሁ። በጣም የያዘኝ ትልቁ ነገር አልነበረም። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ የወርቅ ዝርግ ናት። መሐሏ እንደ ጽጌረዳ አበባ ወጣ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያዋ ደግሞ በሚያስገርም ጥንቃቄ በደቃቁ ተመትቶ የተሠራ ነው። «የነፍስ አጣቢ» ሰሌዳ ትባላለች። የንጉሡን ነፍስ የማንጻት ሥራ ያላቸው ሰዎች ከአናናስ ቅጠል በተፈተለ ነጭ ገመድ አንጠልጥለው ደረታቸው ላይ ያደርጓት ነበር። ጎኔ የቆሙ አንዲት እናት፣ ነጠላ እንደምናጣፋው ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መስታወቱን በመዳፋቸው እየነኩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ውሰት ነው» ብሎ ሊነግራቸው የደፈረ ሰው አላየሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የምለውን እኮ ነው የነገርከኝ! እኒያ እናት ስምምነቱ ባይፈረም የት ያዩት ነበር?

አክራ ያለሁት፦
አልነገርኩህም። አየሁ አልኩ እንጂ ልክ ነው አላልኩም።

የአንጥረኛ ልጅ፦
አባቴም አያቴም ወርቅ ሠሪ ናቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ላክል። አሳንቴዎች ወርቁን እንደምናውቀው አድርገው ነው የሚያወጡት፦ ቅርጹን መጀመሪያ በሰም፣ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ፣ እሳት ላይ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ማፍሰስ። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ያለው ይህንኑ ሥራ አይቶ ነው። ሳንቲም ከመምጣቱ በፊት ገንዘባቸው የወርቅ አቧራ ነበር፤ መመዘኛው ደግሞ በሰም እየተሠራ የሚፈስስ የነሐስ ቅርጽ፦ ወፍ፣ ዓሣ፣ አዞ፣ ጋሻ የያዘ ሰው። ብዙዎቹ ተረትና ምሳሌ ያዘሉ ናቸው። ነጋዴው ሚዛኑን ሲያነሳ ምሳሌውን አብሮ ያነሳል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሕዝብ ዕቃውን ተዋሰ ሲባል እጄ ነው የሚያመኝ።

ዱባይ፦
ሁላችሁም ስታለቅሱ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወርቁ የማን ነው? አሳንቴ ኃያል የሆነው በ1701 ፈየሴ ላይ የዴንቺራን መንግሥት ድል አድርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሜኑን አስገበረ፤ የሰሜኑ የዳግቦን መንግሥት የሚገብረው በሰው ጭምር ነበር። የሳላጋ ገበያ ኮላና ባሪያ የሚሸጥበት ነበር። በኬፕ ኮስትና በኤልሚና ምሽጎች በኩል ስንቱ ሰው ባሕር ተሻገረ? ንጉሡ ኮፊ ካሪካሪ የተዘረፈው ወርቅ ላይ የስንቱ ላብ አለ? ሌባ ከሌባ ሲሰርቅ አምላክ ይስቃል ይባል የለ?

ፍቅርተ፦
ከነተረቱ ወስደኸው ሄድክ! የተናገርከው ታሪክ እውነት ነው፤ ማንም አልካደም። ግን ከእውነቱ ያወጣኸው ፍርድ ጠማማ ነው። የሳላጋ ገበያ ኃጢአት ካለ ተጠያቂነቱ ለሰሜኖቹ ለዳግቦንና ለጎንጃ ልጆች ነው እንጂ ለእንግሊዙ ጄነራል ለዎልስሊ አይደለም። ዎልስሊ በ1874 ኩማሲ የገባው ባሪያ ነፃ ሊያወጣ አልነበረም። ገባ፣ ንጉሡ ሸሽቶ ስላጣው ቤተ መንግሥቱን በሻማ ብርሃን ሌሊቱን አስፈተሸ፣ በባሩድ አፈረሰው፣ ከተማዋን አቃጥሎ ወጣ። ዕቃው ኬፕ ኮስት ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ የለንደኑ ጌጥ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ሙዚየሙ። ይህን ስትሰማ ደላንታ ሜዳ ላይ የተደረገው ጨረታ ትዝ አይልህም? መቅደላ 1868፣ ኩማሲ 1874። ስድስት ዓመት ብቻ ነው መሐላቸው። አሠራሩ አንድ ነው።

የአንጥረኛ ልጅ፦
ጋዜጠኛውም አንድ ነው እኮ። ሄንሪ ስታንሊ ሁለቱም ዘመቻ ላይ ነበር፤ ኩማሲንና መቅደላን በአንድ መጽሐፍ አስሮ ነው ያሳተመው።

ዱባይ፦
እሺ ዝርፊያ ነው። ግን «የተዘረፈ» የምትሉት ሁሉ አልተዘረፈም። ከሄዱት አንዱ ትንሽ የወርቅ በገና ናት፤ በ1817 ንጉሡ ለእንግሊዙ መልእክተኛ ለቦውዲች የሰጡት ስጦታ። የተወሰነውን ደግሞ እንግሊዝ በፎሜና ውል 50,000 ወቄት ወርቅ ካሳ አስፈርሞ ከተቀበለው ላይ ነው ያገኘው። ውል ነው።

ሽሮ ሜዳ፦
ቤትህን አቃጥሎ፣ ለሄደበት የጫማ ዋጋ ካሳ ክፈል ብሎ ያስፈረመህን ወረቀት ውል አልከው? በገናዋን ልቀቃት፤ ስጦታ ናት፣ ትቆይላቸው። የቀረውን ይመልሱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁም «ይመልሱ» ላይ ተስማምታችኋል፤ እኔም እስማማለሁ። ጥያቄው ግን እስኪመልሱ ምን እናድርግ ነው። አሳንቴዎች መጠበቅ የማያውቁ ሕዝብ አይደሉም። ንጉሣቸውን ፕሬምፔህ ቀዳማዊን እንግሊዞች በ1896 ከነእናታቸው ይዘው ወደ ሲየራ ሊዮን፣ ከዚያ ወደ ሲሼልስ ሰደዷቸው። የተመለሱት በ1924 ነው። ያኔም «ንጉሥ» ብለው አልመለሷቸውም፤ ቆይተው የኩማሲ ገዢ ብቻ አደረጓቸው። ተቀበሉ። ሙሉው የአሳንቴ ዙፋን የተመለሰው በ1935 በተተኪያቸው ጊዜ ነው። በጥቂቱ ገብተው በብዙ ወጡ። የዛሬውንም ውሰት በዚያ ዓይን ነው የማየው።

ፍቅርተ፦
እዚያው ታሪክ ላይ ያአ አሳንቴዋን ዘለልካት። በ1900 የእንግሊዙ ገዢ ሆጅሰን ኩማሲ መጥቶ የወርቁን ወንበር አምጡልኝ፣ ለምን አልተቀመጥኩበትም አለ። ያ ወንበር እንኳን ፈረንጅ የአሳንቴ ንጉሥም አይቀመጥበትም፤ ኦኮምፎ አኖቼ የተባለ ካህናቸው ከሰማይ ያወረደው፣ የሕዝቡ ሁሉ ነፍስ ያለበት ነው ብለው ያምናሉ። ያአ አሳንቴዋ፣ የኤጂሱ ንግሥት እናት፣ ወንዶቹ ሲያመነቱ ጊዜ ጦርነቱን መራች። ተያዘች፣ ሲሼልስ ተላከች፣ እዚያው በ1921 ሞተች። ወንበሩን ግን አላገኙትም። ዛሬ ወንበሩ ለንደን የሌለው፣ ማንም «አውሰናችኋል» የማይልበት፣ እሷ ስላልፈረመች ነው።

አክራ ያለሁት፦
ኧረ ፍቅርተ፣ አፍሽ ይባረክ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ያአ አሳንቴዋ የተዋጋችው ላልሄደ ዕቃ ነው። እኛ የምንከራከረው ስለሄደ ዕቃ ነው። የሄደውን በጦር አናመጣውም።

የቀድሞ መምህር፦
ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ውሉን የፈረመው ማን ነው? የጋና መንግሥት አይደለም። የአሳንቴው ንጉሥ ኦቱምፎ ኦሴይ ቱቱ ዳግማዊ ናቸው። ሙዚየሞቹ ከመንግሥት ጋር ቢዋዋሉ የባለቤትነት ጥያቄ ይመጣባቸው ነበር። ይህ ነገር እዚያ አገር ቀላል አይደለም። በ1954 አሳንቴዎች ፌዴሬሽን ይሰጠን ብለው በንክሩማ ላይ ተነሥተው ነበር። ንክሩማ በ1959 ብሮንግ አሃፎን ከአሻንቲ ክልል ቆርጠው ለብቻው ክልል አደረጉት። የዚያ ክልል ሰዎች፣ ቦኖዎች፣ ነፃ ወጣን አሉ፤ ኩማሲ ቆረጡን አለች። ስለዚህ ወርቁ ለአንድ ንጉሥ ሲሰጥ አክራ ላይ የሚያየው ዓይን ሌላ ነው።

ዱባይ፦
ጋሼ፣ ይኸው እኔም ስል የነበረው! የአንድ ብሔር ዕቃ እንጂ የጋና አይደለም።

የቀድሞ መምህር፦
እንደዚያ አላልኩም ልጄ፤ አፌ ላይ አታድርግብኝ። የአሳንቴ ነው፣ የጋናም ነው። ጋና የሚለው ስም ራሱ ከጥንቱ የዋጋዱ መንግሥት የተወሰደ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዛሬዋ ጋና ብዙ ርቆ ሞሪታኒያና ማሊ ድንበር አካባቢ የነበረ ነው። ንክሩማ ያንን ስም የመረጡት አሳንቴም፣ ፋንቴም፣ ጋም፣ ዳጎምባም የእኔ ነው እንዲለው ይመስለኛል። የዳግቦን የዙፋን ጠብ በ2019 መጀመሪያ ላይ የተቋጨው እኮ እኚሁ የአሳንቴ ንጉሥ በመሩት የሽምግልና ጉባኤ ነው። ቀድሞ ያስገበሩት ሕዝብ በሽማግሌነት ተቀበላቸው። ታሪክ አንድ ቦታ ቆሞ አይቀርም።

ዱባይ፦
ሽምግልናው ሌላ፣ ባለቤትነቱ ሌላ። ለእኛም ነገ የመቅደላው ሲመጣ ለማን ይሰጥ ብለን ልንፋጅ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን? ለመንግሥት? ለክልሉ?

ሽሮ ሜዳ፦
እሱን ስንረከብ እንጣላበታለን። ወደ «ውሰት» መልሱኝ። አክራ ያለኸው፣ ሰይፉን አየኸው?

አክራ ያለሁት፦
ምፖንፖንሱዎ የሚባለውን? አየሁት። የአሳንቴ ንጉሥ ለሕዝቡ የሚምልበት የመንግሥቱ ሰይፍ ነው፤ የቆየ፣ ከ300 ዓመት በፊት የተሠራ ነው ይባላል። መስታወት ውስጥ አጋድመውታል። እኔን የቆረጠኝ እሱ ነው። የሚማልበት ሰይፍ ኤግዚቢሽን ላይ ይታያል እንጂ ማንም አንሥቶ አይምልበትም፤ የሚመለስ ዕቃ ነዋ። ከተማው ደረሰ፣ ቤቱ ገባ፣ ሥራው ላይ ግን አልዋለም። አንድ የኩማሲ ወዳጄ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «አባትህ በዋስ ከእስር ሲፈታ፣ ፍርዱ ገና ነው ብለህ በር ላይ አትመልሰውም።» ሁለቱም እየተመላለሰብኝ ነው።

ሽሮ ሜዳ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት ቆልፎ ይዟል፤ የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩትም። ነገ «ለሦስት ዓመት አውሰናችኋል» ቢሉህ ትፈርማለህ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ታቦት ሌላ ነው።

ፍቅርተ፦
ለማን ነው ሌላ? ለአሳንቴ ያ ሰይፍ ምንድን ነው? የነፍስ አጣቢዋ ሰሌዳስ?

የቀድሞ መምህር፦
ታቦትን ከሰይፍ ጋር አታስተካክዪ ልጄ፤ ይህ ንግግር ደስ አይልም።

ፍቅርተ፦
ጋሼ፣ በእምነት አላስተካከልኩም። የሰው ልብ ውስጥ ባለው ቦታ ነው ያልኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሺ እመልሳለሁ። በታቦቱ አልፈርምም። ታቦት መንበሩ ላይ ከገባ በኋላ ለባዕድ የሚመለስበት ቀን አይቆረጥለትም። ዘውዱን ግን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ያለውን የመቅደላ የወርቅ ዘውድ፣ በ2018 በውሰት እንስጣችሁ ብለው ነበር። እሱ ላይ እፈርማለሁ። አባቴ ስለዚያ ዘውድ ከልጅነቴ ጀምሮ እያወራኝ፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ መጥቶ አየዋለሁ እያለ፣ ሳያየው ነው የሞተው። መብታችንን እየጠየቅን፣ እየተሟገትን፣ እስከዚያ ግን ሰው ይየው።

ሽሮ ሜዳ፦
ነፍስ ይማር፤ ከልቤ ነው። እኔ ግን በዘውዱም አልፈርምም።