ክርክር፦ ሻልከ 04ን ያወረደው የአባላት ባለቤትነት ነውን?

አወያይ፦
ዛሬ የምንከራከርበት ጉዳይ የጀርመኑ እግር ኳስ ክለብ ሻልከ 04 ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን ከጀርመን ከፍተኛው ሊግ ከቡንደስሊጋ የወረደው ከ34 ጨዋታዎች 3 ብቻ አሸንፎ፣ በ24 ተሸንፎ፣ 86 ግቦች ተቆጥረውበት፣ በ16 ነጥብ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነው። በዚያ አንድ ዘመን 5 አሠልጣኞች ተፈራርቀውበታል። ከብዙዎቹ የቡንደስሊጋ ክለቦች በተለየ ሻልከ የእግር ኳስ ክፍሉን ወደ ኩባንያ አላዞረም፤ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው። ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ የባለቤትነት ዓይነት ነውን? ክለቡስ ለባለሀብት በሩን መክፈት ይገባዋል?

የሒሳብ ሰው፦
ይገባዋል። ከዓመታት በፊትም ይገባው ነበር። ሻልከ ሲወርድ ዕዳው ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደርሶ ነበር። አክሲዮን የማይሸጥ ክለብ ገንዘብ ሲያጥረው ያለው መንገድ አንድ ነው፤ መበደር። በብድር የተገነባው ቡድን ቻምፒየንስ ሊግ ካልገባ ደግሞ ብድሩ የሚከፈልበት ገቢ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሠልጣኝ ዶሜኒኮ ቴዴስኮ ሥር ሁለተኛ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ፤ በዓመቱ 14ኛ ሆነ። ደመወዝ ግን ደረጃ ሲወርድ አብሮ አይወርድም።

ስለ ተጫዋቾቹም ላንሣ። ጆኤል ማቲፕ በ2016 ወደ ሊቨርፑል፣ ሴያድ ኮላሺናች በ2017 ወደ አርሰናል፣ ሊዮን ጎሬትስካ በ2018 ወደ ባየርን፣ ማክስ ማየር በዚያው ዓመት ወደ ክሪስታል ፓላስ፣ ግብ ጠባቂው አሌክሳንደር ኑቤል በ2020 ወደ ባየርን ሄዱ። አምስቱም ውላቸውን ጨርሰው ያለ አንድ ዩሮ! ካፒታል ያለው ክለብ እንዲህ አይዘረፍም።

ሰዎች 50+1 የሚባለውን ደንብ እንደ ጋሻ ያነሣሉ። ደንቡ አብዛኛው ድምፅ በአባላቱ እጅ ይቆይ ይላል እንጂ ምንም አትሽጡ አይልም። ባየርን ሙኒክ 25 በመቶ ያህሉን ለአዲዳስ፣ ለአውዲና ለአሊያንዝ ሸጦ 75 በመቶውን ለአባላቱ አስቀርቷል። ዶርትሙንድ ከ2000 ጀምሮ አክሲዮኑ በገበያ ላይ ነው። ሻልከን ይህን ከማድረግ የከለከለው ሕግ የለም፤ የራሱ ኩራት ብቻ ነው።

ሰማያዊ ልብ፦
የሒሳብ ሰው፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ድምዳሜዎ ግን ከቁጥሮቹ አይወጣም። ሃምቡርግ እርስዎ የሚሉትን መንገድ በ2014 ጀመረ፤ እግር ኳሱን ወደ አክሲዮን ማኅበር አዞረ፣ ቢሊየነሩ ክላውስ ሚሻኤል ኩነም ድርሻ ገዛ። ቡንደስሊጋው ከተጀመረበት ከ1963 ጀምሮ ወርዶ የማያውቀው ክለብ በአራት ዓመት ውስጥ ወረደ። ሄርታ በርሊን ከ2019 ጀምሮ ከባለሀብቱ ላርስ ዊንድሆርስት 374 ሚሊዮን ዩሮ ተቀበለ። ይህ የሻልከን ዕዳ ከፍሎ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ሄርታ በ2023 ወረደ።

አሁን ወደዚያው ወደ 2020/21 እንመለስ። ማይንዝ፣ ፍራይቡርግና ዩኒየን በርሊን ልክ እንደ ሻልከ የአባላት ክለቦች ነበሩ። ዩኒየን 7ኛ፣ ፍራይቡርግ 10ኛ ሆኑ። የማይንዝ ታሪክ ደግሞ ልቤን ያቃጥለዋል። ከ17 ጨዋታዎች በኋላ ማይንዝም ሻልከም እኩል 7 ነጥብ ነበራቸው። ማይንዝ ክርስቲያን ሃይደልን ወደ ኃላፊነቱ መልሶ አሠልጣኝነቱን ለቦ ስቬንሰን ሰጠ፤ በ39 ነጥብ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ ሃይደል እስከ 2019 ድረስ የሻልከ የስፖርት ኃላፊ የነበረው ያው ሰው ነው! አንዱን ቤት ያላዳነ ሰው ሌላውን ሲያድን ልዩነቱ ከሰውየው ሳይሆን ከቤቱ ነው። የሁለቱም ቤቶች ባለቤት ግን አባላት ናቸው።

በሻልከ ቤት ምን ነበር? ክሌመንስ ቶኒስ ከ2001 እስከ 2020 ድረስ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ሊቀመንበር ነበር። 19 ዓመት ያህል! የሥጋ ፋብሪካ ባለቤት፣ ባለጸጋ፣ በየጉባኤው የሚጨበጨብለት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓደርቦርን ሲናገር በአፍሪካ የኃይል ማመንጫ ቢሠራ አፍሪካውያን ዛፍ መቁረጣቸውንና በጨለማ ልጅ መውለዳቸውን ያቆማሉ አለ። የክለቡ የክብር ሸንጎ የዘረኝነቱን ክስ መሠረተ ቢስ ብሎ፣ አድልዎን የሚከለክለውን ደንብ ግን ጥሷል አለ፤ ሰውየው ሦስት ወር ገለል ብሎ ተመለሰ። ጥቁር ተጫዋቾች በሚለብሱት ማሊያ ላይ የተፈጸመ ነውር ነው፤ እኔ እንደ አፍሪካዊ ደጋፊ እስከ ዛሬ አልረሳውም። በመጨረሻ ከወንበሩ የተነሣው በ2020 ፋብሪካው ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ ሠራተኞች በኮሮና ከተያዙ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ክለቡ የቲኬት ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው የጠየቁ ደጋፊዎችን ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው በጽሑፍ አስረዱ ብሎ፣ ቁጣው ሲበረታ ይቅርታ ጠየቀ።

አንድ ሰው፣ አንድ ዋና ስፖንሰር (ከ2007 እስከ 2022 የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም)፣ አንድ የገቢ ተስፋ። አባላቱ ባለቤቶች የነበሩት በወረቀት ላይ ነው። እርስዎ መድኃኒት የሚሉት ባለሀብት በሻልከ ቤት ለሃያ ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር፤ አክሲዮን አልገዛም እንጂ።

ተከላካይ፦
ሁለታችሁም ኳሱን ረሳችሁት። የ2020/21 የመጀመሪያው ጨዋታ በባየርን 8 ለ 0 ሽንፈት። ከዚያ በፊት ከነበረው ዘመን የተጀመረው ያለ ድል ጉዞ 30 ጨዋታ ደረሰ፤ የታስማኒያ በርሊን የ1965/66 ክብረ ወሰን 31 ነው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2021 ወጣቱ ማቲው ሆፕ በሆፈንሃይም ላይ ሦስት አግብቶ 4 ለ 0 ሲያሸንፉ ቢያንስ ከዚያ ውርደት ዳኑ።

በዚያው የዝውውር መስኮት ማንን አመጡ? ኮላሺናችን በውሰት፣ ክላስ ያን ሁንተላርን በ37 ዓመቱ፣ ሽኮድራን ሙስጣፊን ከአርሰናል። ወጣቱን ኦዛን ካባክን ደግሞ ለሊቨርፑል ሰጡ። ይህ ቡድን መገንባት ሳይሆን የድሮ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ነው። በስቱትጋርት 5 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ አሠልጣኙም የስፖርት ኃላፊውም አንድ ላይ ተባረሩ። መልበሻ ክፍሉ የማንንም ቃል መስማት ካቆመ፣ ከላይ አክሲዮን ይኑር አባል ይኑር ለተከላካዩ ምን ለውጥ ያመጣለታል?

የኤሰን ነዋሪ፦
ከሻልከ ከተማ ከጌልሰንኪርሸን አጠገብ ባለችው ከተማ ነው የምኖረው፤ ከቁጥሩ ውጭ ያለውን ልናገር። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ የሚወጡበት መተላለፊያ የከሰል ማዕድን ዋሻ ተመስሎ የተሠራ ነው። በአካባቢያችን በሩር የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድን በዲሴምበር 2018 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰው የቀረው ማሊያው ነበር። ጡረታ የወጣ የማዕድን ሠራተኛ ጎረቤት አለኝ፤ በዚያ ዘመን 62 ሺህ ሰው የሚይዘው ስታዲየም በኮሮና ምክንያት ባዶ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮውን ከፍቶ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ጩኸቱን ሰው እንዳይሰማበት ይመስለኛል።

ኤፕሪል 20 ቀን 2021 በቢለፌልድ 1 ለ 0 ተሸንፈው መውረዳቸው ሲረጋገጥ፣ ሌሊት ሲመለሱ የተቆጡ ደጋፊዎች በስታዲየሙ ደጃፍ ተጫዋቾቹን እንቁላል እየወረወሩ አሳደዷቸው። እኔ ያንን አልደግፍም፤ የፈሩት ልጆች ዕዳውን አልፈረሙም። ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

የሒሳብ ሰው፦
ሰማያዊ ልብ፣ ስለ ሄርታ ያሉትን እቀበላለሁ፤ መጥፎ ባለሀብት ከባዶ ካዝና ይብሳል። ነገር ግን ቶኒስን በየጊዜው የመረጡት እነማን ናቸው? አባላቱ አይደሉም? «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል የአገራችን ሰው። ከ150 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ማኅበር በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ የሒሳብ መዝገብ አይመረምርም። ድርሻ የገዛ ኩባንያ ግን የራሱ ገንዘብ ስለሆነ በየሳምንቱ ይጠይቃል። ፍራይቡርግ ትንሽ ክለብ ነው፣ ምኞቱም እንደ ዓቅሙ ነው። ሻልከ የትልቅ ክለብ ምኞትና የትንሽ ክለብ ካዝና ይዞ ነው የወደቀው። ከወደቀበት ሲነሣም እንኳ በ2022 አጥቂው ሲሞን ቴሮደ ግቦቹን አከታትሎ ወደ ቡንደስሊጋ አሳደገው፤ በዓመቱ ላይፕሲግ ላይ 4 ለ 2 ተሸንፎ እንደገና ወረደ። ገንዘብ የሌለው ክለብ ላይኛው ሊግ ላይ መቆም አቃተው።

ሰማያዊ ልብ፦
የመረጡት አባላቱ ናቸው፤ ይህን አልሸሽም። ጥፋቱ የኛ የደጋፊዎች ነው፤ ኳሱ ሲያምር መዝገቡን አንጠይቅም። በ2011 በሳን ሲሮ ኢንተርን 5 ለ 2 ሲመቱ ዕዳው ስንት እንደሆነ የጠየቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ብድር ያለ ጉባኤው ድምፅ እንዳይፈረም፣ የተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀመንበርም ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ በመተዳደሪያ ደንቡ ቢጻፍ 25 በመቶውን መሸጥ ለምን ያስፈልጋል? ይህ ከተጻፈ በኋላም ካልሠራ፣ ያን ጊዜ ስለ ሽያጭ እንነጋገር። አንዴ የተሸጠ ተመልሶ አይገዛም።

የኤሰን ነዋሪ፦
ትናንት ማታ ጥያቄያችሁን ለጎረቤቴ አቀረብኩለት። ሩቡ ይሸጥ ወይ አልኩት። አልተቆጣም፣ እምቢም አላለም፤ ለማን እንደሚሸጥ ብቻ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የሒሳብ ሰው፣ እርስዎ የሚያስቡት ገዥ ካለ ይንገሩኝ፤ ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት አደርስለታለሁ።