አንድ ትልቅ ባለብዙ ፕሮሰሰር ሰርቨር ወይስ ብዙ ርካሽ ማሽኖች?

ከፋይናንስ ወገን፦

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ድርጅት የዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ስላረጁ አዲስ ግዢ እየተጠና ነው፤ እኔ ከሒሳብ ክፍል ስለሆንኩ የባለሙያዎችን ሐሳብ ለመስማት ፈለግሁ። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ፕሮሰሰር ያላቸው 88 ማሽኖች የተደረደሩበት አንድ ራክ (የማሽኖች መደርደሪያ) 278,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፤ ስምንት ተመሳሳይ ፕሮሰሰሮችን በአንድ አካል የያዘ ሰርቨር ግን 758,000 ዶላር ገደማ ነበር። ዋጋውን ለአንድ ፕሮሰሰር ሳካፍለው በራኩ 1,600 ዶላር ያህል፣ በትልቁ ሰርቨር ደግሞ ከ94,000 ዶላር በላይ ይመጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች ትልቁን መግዛት ለምን አልተዉም? የሻጮች ማግባባት ብቻ ነውን?

የሲስተም መሐንዲስ፦

የጠቀሷቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ማሽኖቹ ለምን ሥራ እንደተገዙ ሳይታይ ወደ ሌላ ድርጅት ስሌት ሊገቡ አይገባም። የፍለጋ ሥራ ለመከፋፈል እጅግ ምቹ ነው፤ የድረ ገጾቹ ማውጫ ተቆራርጦ በብዙ ማሽኖች ላይ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ቁራጭ ፈትሾ ውጤቱን ይመልሳል፣ የአንዱ ሰው ጥያቄም ከሌላው ሰው ጥያቄ ጋር አይገናኝም። አንድ ማሽን ቢበላሽ የዚያው ቁራጭ ቅጂ ያለበት ሌላ ማሽን ይተካዋል። የባንክ ሒሳብ ግን እንዲህ አይደለም። ከአንዱ ደንበኛ ተቀንሶ ለሌላው የሚደመር ገንዘብ በሁለቱም ወገን አንድ ላይ መመዝገብ፣ አለዚያም ጨርሶ አለመመዝገብ አለበት፤ ሁለቱ ሒሳቦች በተለያዩ ማሽኖች ላይ ካሉ ማሽኖቹ በኔትወርክ ተነጋግረው መስማማት ይኖርባቸዋል፤ በመሃል አንዱ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በትልቁ ሰርቨር ውስጥ ይህ ጣጣ በአመዛኙ የለም፤ ፕሮሰሰሮቹ ሁሉ አንድ ሜሞሪ ይጋራሉ። ያን የሚያስችለው ውስጣዊ ማገናኛ ለመሥራት ከባድ ነው፤ የሚሸጠው ብዛትም አነስተኛ ስለሆነ የምርምሩ ወጪ በጥቂት ገዢዎች ላይ ይወድቃል።

ለሒሳብ ሰው የበለጠ የሚታየው ግን ይህ ይመስለኛል። አንድ ማሽን በ1,000 ቀን አንድ ጊዜ ይበላሻል ብንል፣ 1,000 ማሽን ያለው ድርጅት በአማካይ በየቀኑ አንድ ብልሽት ይገጥመዋል። ጉግል በዚያን ጊዜ ከ15,000 በላይ ማሽኖች ስለነበሩት ብልሽትን ችሎ የሚቀጥል ሶፍትዌር በራሱ መሐንዲሶች አሠራ። ያ ወጪ ለ15,000 ማሽን ሲካፈል ኢምንት ነው፤ ለአሥር ማሽን ሲካፈል ግን ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። እርስዎ ስንት ማሽን ሊገዙ ነው?

የዳታቤዝ ሰው፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትልቁ ወጪ ገና አልተነሳም፤ እርሱም ለዳታቤዙ ሶፍትዌር መጠቀሚያ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያ ነው። የኦራክል ዳታቤዝ ኢንተርፕራይዝ እትም ይፋዊ ዋጋ በፕሮሰሰር 47,500 ዶላር ሲሆን፣ በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ሁለት ኮር (ኮር ማለት በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው) ለክፍያው እንደ አንድ ፕሮሰሰር ይቆጠራል። ስለዚህ 16 ኮር ላለው ማሽን ፈቃዱ ብቻ 380,000 ዶላር ነው። አንዱን ዳታቤዝ በብዙ ማሽኖች ላይ ለማሠራት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሶፍትዌር በፕሮሰሰር ሌላ 23,000 ዶላር ያስከፍላል፤ በየዓመቱም የፈቃዱ 22 በመቶ ለድጋፍ ይከፈላል። በድርድር ቅናሽ መገኘቱ የታወቀ ነው። ቢሆንም ሶፍትዌሩ በኮር እየተቆጠረ በሚሸጥበት ቤት ማሽኖችን ማብዛት ቁጠባ ነው ብሎ መነሳት አደገኛ ነው።

ከፋይናንስ ወገን፦

አመሰግናለሁ፤ የፈቃዱ ነገር በግዢው ረቂቅ ውስጥ ፈጽሞ አልገባም። የሚገዙት ማሽኖች ከአሥር አይበልጡም። ዳታቤዛችን በኮር የሚከፈልበት ነው፤ በጣም የሚከብደው ሥራ ደግሞ ሌሊት የሚዘጋጀው የቅርንጫፎች ሪፖርት ነው።

የሲስተም መሐንዲስ፦

እንግዲያው ምርጫው በሁለት ጫፎች መካከል ብቻ አይደለም። በ1997 የወጣው የሰን ኩባንያ ኢ10000 ሰርቨር እስከ 64 ፕሮሰሰርና እስከ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ይይዝ ነበር፤ በ2022 የወጣው የኤኤምዲ ኤፒክ አንድ ፕሮሰሰር ብቻውን እስከ 96 ኮር አለው። በዚያ ዘመን ግዙፍ ይባል የነበረው ዛሬ በተራ ማሽን ውስጥ ስለሚገኝ፣ የብዙ ድርጅቶች ዳታቤዝ ሳይከፋፈል በአንዱ ላይ ይበቃል። ሆኖም ብቻውን አይተዉት። የኢንተርኔት ጨረታ ድረ ገጹ ኢቤይ በሰኔ 1999 ለ22 ሰዓት ገደማ ሲቋረጥ ዳታቤዙ በአንድ ትልቅ የሰን ሰርቨር ላይ ነበር፤ በኋላ ዳታቤዙን ከፋፍሎ በብዙ ማሽኖች ላይ አኖረው።

በእኔ አስተያየት የኮሩ ብዛት አነስተኛ፣ ፍጥነቱና ሜሞሪው ከፍተኛ የሆነ ማሽን ለዋናው ዳታቤዝ፣ ሌላ ተመሳሳይ ለመጠባበቂያ ይግዙ፤ የመጠባበቂያውን ፈቃድ ሻጩ እንዴት እንደሚቆጥረው ከውሉ በፊት በጽሑፍ ያስጠይቁ። ሪፖርቱ በቅርንጫፍ ስለሚከፋፈል፣ መረጃው ከዋናው እየተቀዳ በርካሽ ማሽኖችና በነጻ ዳታቤዝ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሪፖርቱ አሁን ስንት ሰዓት እንደሚወስድና የመረጃው መጠን ምን ያህል እንደሆነ ቢጽፉልን ስንት ርካሽ ማሽኖች እንደሚበቁ መገመት ይቻላል።